አንድ ጉንጭ ውሃ

ይህን ታሪክ አዛብቼው ሊሆን ይችላል። የነገረኝ አጎቴ ነው፤ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ደግሞም ፈርቼ አንድ ጆሮዬን ደፍኜ ነው የሰማሁት። እርግጠኛ ያልሆንኩበት ቦታ ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ። ጠጋ በሉ፤ መብራቱም እንደሆነ ዛሬ የሚመጣ አይመስልም።

ጊዜው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። መንገዱ ከጋራው ወደ መንደር የሚወርድ ቀጭን የእግር መንገድ ነው። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይወርዳል። ስሙ አንዳርጌ ነው፤ ከሰል አክሳይ ነው። ለምን ብቻውን? ጋራው ላይ የሚሠራውን ሥራ ማንም እንዲያይበት ስላልፈለገ ነው።

ምን ይሠራ ነበር? ዛፍ ይቆርጥ ነበር። መንደሩ ያለው አንድ ምንጭ ነው። ምንጩ አፍ ላይ የቆመውን ሾላ ማንም አይነካውም፤ ቅርንጫፉ ቢወድቅ እንኳ ለማገዶ አይወሰድም። አንዳርጌም ሾላውን አልነካም። የጨረሰው ከምንጩ በላይ፣ ጋራው ላይ ያለውን ጫካ ነው።

አያ ቢሻው የሚባሉ ሽማግሌ አንድ ቀን አስቁመውት ነበር።

«አንተ አንዳርጌ፣ ጋራውን እየላጨኸው ነው አሉ።»

«አያ ቢሻው፣ ሾላውን ነካሁ?»

«አልነካህም።»

«ታዲያ ምንጭ ከመሬት ይወጣል እንጂ ከቅጠል ይንጠባጠባል እንዴ?»

«ዝናቡን ጋራው ላይ ይዞ ለምንጩ የሚያቀብለው ማን መሰለህ?»

«አንቱ ይሆናላ፤ ጋቢዎ ሰፊ ነው» ብሎ ስቆ አለፈ።

ወደዚያ ምሽት ልመልሳችሁ። አንዳርጌ ትከሻው ላይ አንድ ቅል ውሃ አንጠልጥሏል። ምንጩ ሰሞኑን እንደ ክር ቀጥኗል፤ ስለዚህ ከጋራው ማዶ ካለ ወንዝ የቀዳው ነው። ሚስቱ ጠጄ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። የምትጠጣው እሱ የሚያመጣላትን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ኮቴ ሰማ። ቆመ። ኮቴውም ቆመ። ሄደ። ኮቴውም ሄደ። ቀጥሎ ድምፅ መጣ፤ የሴት ድምፅ፣ የደረቀ።

«ወንድሜ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ።»

በእኛ አገር ውሃ የጠየቀ ይከለከላል? አይከለከልም። አንዳርጌ ዞረ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ተከናንባ መዳፏን ብቻ ዘርግታለች። አፈሰሰላት። ጠጣች። መዳፏ ግን አልራሰም።

«ጨምርልኝ።»

ጨመረላት። ቅሉ ቀለለው።

«እህቴ፣ ቤት በሽተኛ አለብኝ። ምንጩ እዚሁ ታች ነው፤ ወርደሽ ጠጪ።»

«ከዚያ ነው የመጣሁት» አለችው።

ያኔ መዳፏን ልብ ብሎ አየው። ዝናብ እንዳጣ መሬት ተሰነጣጥቋል። ቀና ሲል ምን አየ? አጎቴ ፊቷን አየ ያለኝ ይመስለኛል፤ ፊት አልነበራትም ያለኝም ይመስለኛል። እዚህ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። መሮጡን ግን አልረሳሁም።

ቤቱ ገባ። በሩን ዘጋ። ቅሉን ዋንጫው ላይ ገለበጠው። ጠብ የሚል ነገር የለም። ጠጄ ከመደቡ ላይ በጨለማው ውስጥ እጇን ዘረጋች።

«አንድ ጉንጭ ውሃ» አለችው።

ድምፁ የጠጄ አልነበረም።

ሲነጋ ጠጄ በሕይወት አልነበረችም። ምንጩም ደርቆ አደረ።

ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን ስላላወቅሁ አምና ቦታው ድረስ ሄድኩ። ጋራው ራቁቱን ነው። ሾላው እንደቆመ ደርቋል። አንድ አዛውንት በአህያ ውሃ ጭነው ሲያልፉ ቆሙና ከጀሪካናቸው ጥቂት ሾላው ሥር አፈሰሱ።

«አባቴ፣ ውሃ በሌለበት አገር ለምን ያፈሱታል?» አልኳቸው።

«እሷ መጥታ ሳትጠይቀን ብለን ነው። አንተም ብቻህን ነህ፤ አፍስስ።»

የያዝኩትን ውሃ በሙሉ አፈሰስኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ መሬቱን በእጄ ዳሰስኩት።

አልራሰም። ይህን አረጋግጫለሁ።