ሦስተኛው ጋሻ

ሽርጥማ የተባለው ነበልባላዊ ዘንዶ የዝናቡን ዕንቁ ከሶርሐል ዙፋን ነጥቆ በቀውላ ተራራ ገደል ከገባ ሰባት ዓመት ሆነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ደመና የሶርሐልን ሰማይ አልረገጠም። አሁን በመላው አገር ያልነጠፈ አንድ ምንጭ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ቢሆን የወሩን መጨረሻ አያይም ብለው ጠባቂዎቹ ለንጉሡ ተናግረዋል።

ስለዚህ አራት ሰዎች ወደ ቀውላ ወጡ። ሦስቱ የብርሃን ጋሻ ተሸካሚዎች ናቸው፦ ሽማግሌው የጋሻ አለቃ አባ ግርባን፣ እንዲሁም ሞርጋ እና ቴልጋ የሚባሉ መንትያ ወንድማማቾች። አራተኛዋ ሰልሐዊት ነበረች፤ ሃያ ዓመት ያልሞላት ግንበኛ። ንጉሡ የላኳት የተናደውን የተራራ መንገድ እንድትጠግን እንጂ እንድትዋጋ አልነበረም።

እነዚያ ጋሻዎች ሕያው ክንድ ሲያነሳቸው ከዙሪያቸው ብርሃን ይፈልቃል፤ ብርሃኑም እንደ ተወጠረ ሸማ ጠፍጣፋ ሆኖ እስከ አድማስ ይዘረጋል። ዘንዶው አንዴ ከነካው ከዚያ ገጽ መውጣት አይችልም፤ ውፍረቱን አጥቶ በገጹ ላይ ይሮጣል። ሁለተኛ ብርሃን ሲያቋርጠው፣ ሁለቱ ገጾች በሚገናኙበት መስመር ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ሽቅብና ቁልቁል ብቻ ይወረወራል። ሦስተኛው ሲጨመር ይቆማል ተብሎ ይታመን ነበር።

አልቆመም። ሦስቱ ጀግኖች ገደሉን ከበው ጋሻቸውን ቀጥ አድርገው ቢያቆሙም፣ ሽርጥማ ከጥልቁ ወደ ሰማይ ተስፈንጥሮ ተመለሰና የቴልጋን ትከሻ ለበለበው። ከሰባት ዓመት በፊት የሞከሩትም እንዲሁ ሆነው ነበር ያለቁት።

ወደ ዋሻ ሸሽተው ሲመካከሩ ቴልጋ አራተኛ ጋሻ ይሠራ አለ። ወንድሙ ግን ጋሻው እስኪሠራ ምንጩ እንደማይጠብቃቸው አስታወሰው። ሰልሐዊት በሽማግሌ ፊት መናገር ያስፈራታል፤ ያየችውን ነገር ግን ዝም ብላ ልታልፈው አልቻለችም።

«አባ ግርባን፣ አንድ ነገር ብናገር ይቆጡኛል?»

«ተናገሪ ልጄ። የኔ ቁጣ ከዘንዶው ይብሳል እንዴ?»

«ሁለት ግድግዳ ሲጋጠም ማዕዘን ይወጣል። ጉንዳን ያንን ማዕዘን ይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሦስተኛ ግድግዳ አቁሜ እዚያው ማዕዘን ላይ ባጋጥመው፣ ጉንዳኑን ምን ያግደዋል?»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉ። «ምንም።»

«ጉንዳኑን የሚያቆመው ወለል ነው።»

አንዱ ጋሻ እንደ ወለል ይጋደም ማለቷ እንደሆነ ለሁሉም ገብቷቸዋል። በሶርሐል ጋሻ አይጋደምም፤ ያጋደመ እጁን ሰጠ ይባላል። ደግሞም የተጋደመ ጋሻ ማንንም አይከልልም። ቴልጋ ድንጋይ ስትጠርብ የኖረች ልጅ ስለ ጋሻ ልታስተምረን ነው ወይ ብሎ አፌዘባት። እሷም እንደ ተሸካሚዎቹ ጋሻ ላለማጋደም የማለችው መሐላ እንደሌለባት፣ ስለዚህ ራሷ ይዛ እንደምታጋድመው ተናገረች።

አባ ግርባን ሳቁ። «አንቺ ብታነሺው ጋሻው ነው አንቺን የሚያጋድምሽ።» ከዚያም ተነስተው ቆሙ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። «እኔ ግርባን፣ አርባ ዓመት ጋሻዬን ቀጥ አድርጌ የያዝኩ፣ ነገ በፈቃዴ አጋድመዋለሁ። እጁን ሰጠ የሚል ይበል። እጄን የምሰጠው ለዝናብ ነው።»

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ሰልሐዊት መንትዮቹን ግድግዳ ቀጥ በምታደርግበት ቱንቢ እያስተካከለች አቆመቻቸው። አባ ግርባን ገደሉ አፋፍ ላይ ተንበርክከው ጋሻቸውን በደረታቸው ልክ እንደ ገበታ ዘረጉት። ብርሃኑም የገደሉን አፍ ከዳር እስከ ዳር ከደነው። ሽርጥማ መስመሩን ይዞ ሲወረወር ሦስቱ ገጾች ከተገናኙበት ደረሰ፤ እዚያው ነጥብ ሆኖ ቀረ። ነጥብ ርዝመት የለውም፣ ወርድ የለውም፤ ዕንቁ የሚጨብጥበት ጥፍርም የለውም። ዕንቁው ከእጁ አምልጦ በብርሃኑ ወለል ላይ ወደቀ።

ሰልሐዊት በብርሃኑ ላይ ሮጠች። ከእግሯ በታች መጨረሻው የማይታይ ጥልቅ ነበር። የዘንዶው እሳት መሄጃ ሲያጣ በሦስቱም ገጾች ላይ ፈሰሰ። መንትዮቹን ጋሻቸው ከለላቸው። አባ ግርባን ግን እሳቱን በደረታቸው ተቀበሉት፤ ልጅቱ ገና ገደሉ መሃል ስለነበረች ክንዳቸውን አላወረዱም። ዕንቁውን አንስታ ስትመለስ ዓይን ዓይኗን ያዩ ነበር። እግሯ ድንጋዩን ሲረግጥ፣ «ደረስሽ?» አሏት። ደርሻለሁ አለች። ያኔ ክንዳቸው ወረደ። እሳቱ ፈስሶ ያለቀው ሽርጥማም ከገደሉ በላይ ከነበረችው ነጥብ ጋር ለዘላለም ጠፋ።

ዝናቡ መንገድ ላይ ሳሉ ያዛቸው። መንትዮቹ የአባ ግርባንን አስከሬን ተሸክመው፣ በየመንደሩ ሕዝቡ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ሲስቅና ሲያለቅስ እያዩ አለፉ።

ጋሻ ላጋደመ ሰው የጀግና መቃብር አይሠራም ነበር። ሰልሐዊት ማንንም አላስፈቀደችም፤ በጀግኖቹ መቃብር መካከል መሠረት ቆፈረች፣ ድንጋይ ጠረበች፣ ከሰባት ዓመት ወዲህ በሶርሐል የመጀመሪያውን ጭቃ አቦካች። ቴልጋ በራስ ቁሩ የዝናብ ውሃ ይዞ መጣና አጠገቧ ቆመ።

«ልጨምር?» አላት።

«ትንሽ» አለችው።

እጅጌውን ሰበሰበና አብሯት ጭቃውን ማቡካት ጀመረ።