ፈንድሻ የሰጠችው ቦታ

በሩ ሲከፈት ሚጣ የሂሳብ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አንድ አልፈታ ያለ ጥያቄ ላይ አፍጥጣ ነበር። ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው የትምህርት ቤታቸውን ዩኒፎርም ነው። ቀጥሎ ፊቷን አየች። ፈንድሻ ነበረች።

የክፍላቸው ፈንድሻ! ሳቋ አንዴ ከተነሳ ድስት ውስጥ እንዳለ በቆሎ ጧ ጧ እያለ ስለማያባራ ነው ስሙ የወጣላት። አሁን ግን አትስቅም። የትንሽ እህቷን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ከኋላቸው እናታቸው፣ በዚያ ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ መግባትም መመለስም ያቃታት ይመስል ደፉ ላይ ቆማለች።

ሚጣና ፈንድሻ ተያዩ። ሰላም አልተባባሉም።

ቤቱ የሕፃናትና የቤተሰብ ድጋፍ ማዕከል ነው። ለሚጣ ግን «እማ ሥራ ቦታ» ነው። እቤት የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚህ መጥታ ኮሪደሩ ላይ ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ትቀመጣለች፤ እናቷ ሥራ እስክትጨርስ። እናቷ የሥነ ልቦና አማካሪ ናት። የገዛ ቤታቸው ውስጥ የተጎዱ፣ ወይም የሚወዱት ሰው ሲጎዳ ያዩ ልጆች ወደ እሷ ይመጣሉ። እዚህ ቤት በር አይጋጭም፤ ጥበቃው ጋሼ የየበሩን ጠርዝ በስፖንጅ ለብጠውታል። ማንም አይጮህም። ማንም ልጅ ሳይጠየቅ አይነካም። ደግሞም እዚህ የታየ ነገር ከዚህ አይወጣም። እናቷ ይቺን የመጨረሻዋን ስትነግራት ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

ከወጥ ቤቱ የድስት ክዳን ወደቀ። ድምፁ ያን ያህል አልነበረም። የፈንድሻ እህት ግን እጇን መንጭቃ ጠረጴዛ ሥር ገባች።

የሚጣ እናት ከቢሮዋ ወጣች። አልሮጠችም። ከጠረጴዛው ራቅ ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ክዳን ነው የወደቀው» አለች፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ማንም አልተቆጣም። እኔ እዚህ ቁጭ ብያለሁ። መውጣት ካማረሽ ትወጫለሽ፤ ካላማረሽም እዚያው ሁኚ፣ ችግር የለም።»

ሚጣ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ቀኑን ሙሉ እዚህ ሲያልቅ ይውልና፣ እቤት ሲደርስ የሚተርፈው «በላሽ?» እና «ደብተርሽን አስገባሽ?» ብቻ ነው። ቅናት ብጤ ተሰማት። ጠረጴዛ ሥር በተደበቀች ሕፃን መቅናቷ ደግሞ አሳፈራት። ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። አቀርቅራም ቢሆን የፈንድሻ ዓይን ከእሷ ላይ እንዳልተነሳ ይታወቃት ነበር።

በማግስቱ ትምህርት ቤት የሄደችው፣ ፈንድሻ «እዚያ ለምን አየሽኝ» ትለኛለች ብላ፣ ለጥል ተዘጋጅታ ነው። ሚጣን ክፍል ውስጥ «ሳይለንት» ነው የሚሏት፣ ድምፁን እንዳጠፉት ስልክ። ምሳዋን የምትበላው ከደረጃው ሥር፣ የተሰባበሩ ዴስኮች በተከመሩበት ቦታ ነው። ማንም ሂጂ ብሏት አይደለም። ነይ ያላትም ስለሌለ ነው።

«ሳይለንት! ወዴት ነው? ነይ እንጂ፣ እዚህ ቦታ አለ!»

ፈንድሻ ነበረች። ሚጣ ሌላ ሳይለንት ያለ ይመስል ዞር ብላ ኋላዋን አየች። የምሳ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ዞር ብለው አዩዋት። የፈንድሻ የልብ ጓደኛ፣ ቀውላላዋ፣ ማንኪያዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀረች።

«ጠጋ በያ አንቺ» አለቻት ፈንድሻ። ቀውላላዋ ተጠጋች።

እንዲህ ተጀመረ። ፈንድሻ ብርቱካኗን ለሁለት ከፍላ ትልቁን ለሚጣ ትሰጣለች። በእረፍት ሰዓት ክንዷን ይዛ ሜዳውን ትዞራለች። ሚጣ ቀልድ ስትጀምር ገና ሳይጨረስ ትስቃለች። ሚጣ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ሳትቀሰቀስ መነሳት ጀመረች። አንድ ቀን አውቶብስ ውስጥ ለእናቷ፣ «እማ፣ ጓደኛ አገኘሁ» አለቻት።

«እሰይ የኔ ቆንጆ! ማን ናት?»

«አንዲት የክፍላችን ልጅ።»

ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም። የእናቷም ስልክ ጠራ።

ከዚያ የመረብ ኳስ ቡድን ምርጫ መጣ። አምበሏ ፈንድሻ ናት። ሚጣ ኳስ ስትመታ ኳሷ መረቡን ትታ ወይ ዳኛውን ወይ የአትክልተኛውን ባልዲ እንደምትፈልግ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ፈንድሻ ግን ስም ስትጠራ ሚጣን አስገብታ ቀውላላዋን አስቀረቻት።

«ሙድ እየያዝሽ ነው?» አለች ቀውላላዋ።

«አይ፣ እሷ ትሻላለች» አለች ፈንድሻ፣ ማንንም ሳታይ።

በውድድሩ ቀን በሰፊው ተሸነፉ። ሲወጡ ቀውላላዋ ሚጣን ቧንቧው ጋ ጠብቃ ያዘቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አስነክተሻት ነው? እኔና እሷ ከኬጂ ጀምሮ ነን እኮ!»

ሚጣ ቧንቧውን ከፍታ የታጠበ እጇን ደግማ ታጠበች።

በዚያው ሳምንት ማዕከሉ ውስጥ፣ ፈንድሻና እናቷ ቢሮ ገብተው ሳለ፣ ትንሿ እህት ኮሪደሩ ላይ በላስቲክ ቀጭኔ ትጫወት ነበር። ለማንም አትሰጠውም። ሚጣ ከራሷ በላይ ካለው መደርደሪያ እርሳስ ለማውረድ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

ሕፃኗ ደርቃ ቀረች። ወዲያው ፈገግ አለች፤ ጥርሷን ሁሉ የሚያሳይ ትልቅ ፈገግታ። እየተንደረደረች መጥታም ቀጭኔውን ሚጣ ጭን ላይ አኖረችው።

«ለኔ ነው? አመሰግናለሁ!» አለች ሚጣ ደስ ብሏት።

የሚጣ እናት የቢሮው በር ላይ ሆና ታይ ኖሯል። ቀስ ብላ ተጠጋችና በጆሮዋ፣ «መልሺላት» አለቻት።

«እሷ ናት እኮ የሰጠችኝ። ወዳኝ ነው።»

«እጅሽን ስታነሺ ፈርታ ነው። ለመትረፍ ነው የሰጠችሽ። ወለሉ ላይ አስቀምጪላትና ዞር በይ። አትያት።»

ሚጣ ቀጭኔውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብዙ ጠበቀች። በመጨረሻ ከኋላዋ ትንንሽ እግሮች ኮቴ ሰማች፤ ኮቴው ፈጥኖ መጣ፣ ፈጥኖም ራቀ።

ያን ዕለት እራት አልበላ አላት። ብርቱካኑን አሰበች። ሳይጨረስ የሚሳቅለትን ቀልድ አሰበች። ፈንድሻ አንድም ቀን፣ ብቻቸውን ሲሆኑ እንኳ፣ ስለ ማዕከሉ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ሚጣ ድንገት ድምጿን ከፍ ስታደርግ ግን ትከሻዋ ሽምቅቅ ይላል። ሚጣ ይሄንን ቀድሞም አይታዋለች። ብታየውም ማየት አልፈለገችም ነበር።

ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ማንም። ነገም ብርቱካን ይኖራል።

በማግስቱ ከደወሉ በፊት ፈንድሻን ከክፍሉ ጀርባ አገኘቻት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ሚጣ። «ለማንም አልናገርም። ተናግሬም አላውቅም፤ ወደፊትም አልናገርም።»

የፈንድሻ ፈገግታ እንዳለ ቀረ፤ የዓይኗ ሳቅ ግን ጠፋ። «ስለ ምኑ?»

«ታውቂዋለሽ። ከኔ ጋር መቀመጥ የለብሽም። ብርቱካንም፣ ኳስም… ምንም ባትሰጪኝ አልናገርም።»

ፈንድሻ ዙሪያዋን ቃኘች። «እናትሽ ነግራሻለች? ስለ እኛ?»

«እናቴ ስለ ማንም አትነግረኝም። እኔ የማውቀው ስትገቡ ማየቴን ብቻ ነው።»

«ማይልኝ።»

«እናቴን!»

ፈንድሻ ግድግዳውን ተደግፋ በረጅሙ ተነፈሰች። ፈገግታው ከፊቷ ሲወርድ ከሚጣ በብዙ ዓመት የምትበልጥ መሰለች። ሚጣ በልቧ አንድ ነገር እየጠበቀች ነበር። «ሞኝ፣ የምቀመጠው እኮ ስለምወድሽ ነው» እንድትላት። ፈንድሻ ግን ቦርሳዋን አነሳች።

«እሺ» አለች። ጥቂት ሄዳ ቆመች። «…እሺ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ፈንድሻ ከቀውላላዋ ጋር ነበረች። ምን እንዳለቻት አይታወቅም፤ ሁለቱም አፍጥጠው ይነጋገራሉ፣ የተጣሉም የታረቁም ይመስላሉ። አንዴ ፈንድሻ ቀና ብላ ሚጣን አየቻት፤ አልጠራቻትም። ሚጣ የምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደ ደረጃው ሥር ሄደች። የተሰበረ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። ቦታው ከበፊቱ ይልቅ ቀዘቀዛት። ከዚያ በፊት የሌላውን ቦታ ሙቀት አታውቀውም ነበርና።

አመሻሹ ላይ አውቶብስ ውስጥ እናቷ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ደክሟታል፤ ዛሬም ብዙ ሰው ነበር።

«ያቺ ጓደኛሽ እንዴት ናት?» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ደህና» የሚለው ቃል ሚጣ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። እሱን ብትል ነገሩ ያልቃል፤ እናቷም ታርፋለች። መንገዱን አየች። ሰፈራቸው ገና ነው።

«እማ፣ እዚህ ወርደን በእግራችን ብንሄድስ?»

«አይ ሚጣዬ፣ እግሬ አልቋል እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን የምነግርሽ ነገር አለኝ። ሁሉንም አይደለም፤ የኔ የሆነውን ብቻ።»

እናቷ ዓይኗን ገለጠች። ልጇን አየቻት፤ ከዚያ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «ወራጅ አለ!» አለች።

ወረዱ። የመንገዱ መብራት ገና መብራቱ ነው። እናቷ እርምጃዋን ቀነስ አድርጋ ከጎኗ ተራመደች። አንድ ሱቅ አለፉ፤ አንድ የተዘጋ በር አለፉ።

«ምሳዬን ብቻዬን ነው የምበላው» አለች ሚጣ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮም።»