ጤፍ ውስጥ የተቀበረው መስሚያ

የጁስ መፍጫው መጮህ ሲጀምር ኢስራ የመስሚያ መርጃዋን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። የመፍጫው ድምፅ በመስሚያው ሲመጣ አናቷን ስለሚበጠብጣት ነው። የጁስ ቤቱ አስተናጋጅ ታሂር ይህን ያውቃል። ሙቀቱ የቆቦን ሰው ጥላ ለጥላ ሲያሳድድ ከመንገዱ ማዶ ካለው የአጎቷ የልብስ ስፌት ቤት ተሻግራ እንደምትመጣ፣ የትኛው ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ፣ ሂጃቧን በጣቷ ገፋ አድርጋ መስሚያውን እንዴት እንደምታወልቅ ሁሉ ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ አይሆንለትም፤ ቀና ብሎ እሷን ማየት።

ያን ቀንም አንገቱን እንደ ደፋ የፓፓያ ጁስ ይዞላት መጣ። ዓይኑ ከእግሩ ስላልተነሳ ጠረጴዛው ጋ መድረሱን ያወቀው ብርጭቆው ጠርዙን ሲመታ ነው። ጁሱ ተገለበጠ። ባቄላ የምታህለዋን መስሚያ ዋጣትና ወደ መሬት ይንጠባጠብ ጀመር።

«አፈር ስሆን» አለ ታሂር።

ኢስራ መስሚያውን አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ጥቂት አዳመጠች።

«ይንሿሿል እንጂ ይሰማል» አለች። የታሂርን ፊት ስታይ ሳቀች። «ምነው፣ ሰው የገደልክ መሰለህ?»

«ስጪኝ። አድርቄ አመጣልሻለሁ።»

«መሬቱን ነው እኔን የምታናግረው?»

ታሂር ቀና ብሎ ያንኑ ደገመላት። ኢስራ ከንፈሩን እያየች አዳመጠችው፤ ከዚያም መስሚያውን አውልቃ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

ስልክ ውሃ ሲገባበት ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲባል ሰምቷል። እናቱ ቤት ሩዝ የለም። ያልተፈጨ ጤፍ ግን በከረጢት ሙሉ አለ። ሩዝ ውሃ ከመጠጠ ጤፍ ምን ያንሰዋል ብሎ፣ ባትሪውን እንኳ ሳያወጣ፣ መስሚያውን ጤፍ ውስጥ ቀበረው።

በማግስቱ ሲያወጣው ክው አለ። የፓፓያው ስኳር እንደ ሙጫ ሆኖ፣ ያቺ ደቃቅ ፍሬ በቱቦው፣ በድምፅ ማስገቢያው ቀዳዳ፣ በባትሪው ክዳን ሥር ሁሉ ገብታ ተለጥፋለች። ጆሮው ላይ አስጠጋው። ምንም የለም።

ገበያው ዳር ሞባይል የሚጠግነው ፈንታው ዕቃውን በማጉያ መነጽር አየውና ከት ብሎ ሳቀ።

«ይኼ ዕቃ ነው ወይስ ሊጥ?»

«ጁስ ፈሶበት ነው።»

«ጁሱማ ብዙም አልጎዳው። ባትሪውን አውጥተህ፣ ከላይ ከላይ ጠርገህ፣ ከፍተህ ጥላ ላይ ብታስቀምጠው ይበቃው ነበር። ሰው እንዴት በሕይወት ያለውን ይቀብራል?»

ታሂር አልሳቀም፤ ጠግንልኝ ብሎ መስሚያውን ትቶለት ወጣ። ኢስራ የሰጠችው የሚሰማ ነገር ነበር። የዘጋው እሱ ነው።

ይህን ሊነግራት ይገባ ነበር። ስትመጣ ግን «ጁሱ ጎድቶታል፤ እየደረቀ ነው» አላት፤ እሷም አመነችው።

ከዚያ በኋላ የመስሚያውን ነገር ለመጠየቅ በየቀኑ ትመጣለች። ካለ መስሚያ የሰውን ንግግር የምትይዘው ከከንፈሩ ስለሆነ ታሂር ፊት ለፊቷ መቀመጥ ነበረበት። ጎንበስ ሲል በጣቷ ጠረጴዛውን ትመታለች።

«አገጭህን አንሳ። ዛሬም የምታናግረኝ በጢምህ ነው።»

«ጢም የለኝም።»

«ለዚህ ነው የማልሰማህ።»

እንዲህ እየሳቀ፣ ለማንም ያላወራውን አወራላት። ከተራራ የወረደ ጎርፍ የአባቱን ማሽላ ከነአፈሩ እንደወሰደው፣ እሱም ያኔ ከስድስተኛ ክፍል እንደቀረ ነገራት። እሷም በልጅነቷ ታማ ከአልጋ ስትነሳ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ ይመጣባት እንደጀመረ ነገረችው።

«ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲያወራ» አለችው አንድ ቀን፣ «በሩን የዘጋብኝ ይመስለኛል።»

ታሂር ወንበሩን ወደ ፊቷ ጠጋ አደረገ።

ፈንታው ጠግኖ ሲጨርስ ለታሂር ራሱ ደወለለት። «ፍሬውን አንድ በአንድ በመርፌ ለቅሜ፣ በአልኮል አጽድቼዋለሁ። ለአንድ እንጀራ የሚበቃ ጤፍ ነው የወጣው። በል፣ ለባለንብረቷ አድርስ።»

ታሂር መስሚያውን ደረት ኪሱ ከትቶ እየሮጠ መጣ። ኢስራ ጁስ ቤት ቁጭ ብላ ትጠብቀው ነበር። ገና ሲገባ ዓይኗ ከንፈሩ ላይ አረፈ።

«ደረቀ?»

አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት አንድ ሐሳብ መጣበት፦ ይህችን ዕቃ ጆሮዋ ላይ ካደረገች በኋላ የእኔን ፊት ምን ልታደርገው?

«ገና ነው» አለ።

ከአፉ ሲወጣ ቀላል ነበር። በማግስቱም «ገና ነው» አለ። ሦስተኛው ላይ ምላሱ ከበደው። ጁስ ሲቀዳ፣ ብርጭቆ ሲያጥብ፣ ያቺ ቅንጣት ዕቃ ደረቱ ላይ እንደ ፍም ታቃጥለው ነበር። ጁምዓ ዕለት መስጊድ ውስጥ ለሱጁድ ሲወርድ ከኪሱ ሾልካ ግንባሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ወደቀች። ታሂር ቀሪውን ሶላት እንዴት እንደጨረሰ አያውቅም።

ያን ሰሞን ስፌት ቤቱ ውስጥ ነገር ተበላሽቶ ነበር። ደንበኞች ከኢስራ ኋላ ቆመው ይጠሯታል፤ እሷ አትዞርም። ንቃን ነው እያሉ ይሄዳሉ። ከጎብዬ የመጡ የሠርግ ቤተሰቦች ጨርቃቸውን ሰብስበው ወደ ሌላ ሰፊ ገቡ። አጎቷ ጋሽ መንሱር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ቻሉ፣ ቻሉና አንድ ጠዋት «መስሚያሽ እስኪሠራ እናትሽ ዘንድ ዋጃ ተቀመጪ» አሏት።

ሻንጣዋን ይዛ ጁስ ቤት መጣች።

«መስሚያው ሲደርቅ በሰው ላክልኝ» አለችው። ፈገግ ለማለት ሞከረች። «አንተ ደግሞ እንዲህ አትጨነቅ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰው የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አልነበረብኝም።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ኢስራ ወጥታ መንገዱን ስትሻገር ብርጭቆ በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሮጠ።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ «ዋጃ፣ አላማጣ!» እያለ ይጣራል። ኢስራ አንድ እግሯን ሚኒባሱ ላይ አሳርፋለች። ታሂር ከፊቷ ቆሞ መዳፉን ዘረጋ። መስሚያውን ስታይ ፊቷ በራ፤ እጇን ሰደደች። እሱ መዳፉን ጨበጠ።

«መጀመሪያ እዪኝ» አለ። «ጁሱ አልነበረም። ጤፍ ውስጥ ቀብሬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከተሠራም ቆይቷል። ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው ‹ገና ነው› ያልኩሽ።»

የበራው ፊቷ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ድገመው» አለች።

ደገመው። በመጀመሪያውም ገብቷት ነበር፤ ሲለው ልታየው ፈልጋ ነው። ከዚያ መስሚያውን ከመዳፉ ወስዳ ጆሮዋ ላይ አደረገች። የረዳቱ ጩኸት ሲደርሳት ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍት እንባ ነበረባት።

«አሁን አጎቴ ፊት ትናገራለህ» አለች። «የሄዱት ደንበኞች በእኔ ንቀት እንዳልሄዱ ይስማ።»

ስፌት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ታሂር ገባ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። አሁን ግን ሁሉንም፣ ጤፉንም ኪሱንም፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ዞር ብሎ እስኪያይ ድረስ ተናገረ።

ጋሽ መንሱር መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ጤፉስ አለማወቅ ነው እንበል። ኪስህ ውስጥ ያዋልከው ምን ይባላል?»

«ስስት ነው።»

«የምን ስስት?»

ታሂር ወደ ኢስራ ዞረ። «መስማት ስትጀምር እኔን ማየት ትተዋለች ብዬ።»

አንዲት ደንበኛ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ኢስራ አልሳቀችም።

«ውጣ» አሉት ጋሽ መንሱር። ደጁ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጠሩት። «ሽማግሌ ይዘህ ና። ለይቅርታው ነው ያልኩህ። ለሌላ አላልኩም።»

ሽማግሌ ይዞ ሄደ። ዱዓ ተደርጎ ይቅር ተባለ። ኢስራ ግን «አውፍ ብያለሁ» ካለች በኋላ ጁስ ቤቱ ደጃፍ ሳትደርስ ክረምቱ ወጣ። ታሂር ከመንገዱ ማዶ ደንበኛ ሲጠራት ቶሎ ስትዞር ያያል። በዚያ ደስ ይለዋል፤ በዚያው ደግሞ ያፍራል። የሚገባው ይኸው እንደሆነ ለራሱ ነግሮ ሥራውን ይሠራል።

አንድ ቀን ጋሽ መንሱር ለኢስራ የፓፓያ ጁስ ሊገዙላት መጡ። ብርጭቆውን እየተቀበሉት «እሷ ራሷ መሻገር አፍራ ነው» አሉና ሳል ሳል አላቸው። «ያኔ አላልኩም ያልኩትን ነገር አሁን ብል ምን ይመስልሃል?»

ማሽላው ሲሰበሰብ እነዚያው ሽማግሌዎች፣ አሁን ለጋብቻ ጥያቄ፣ እንደገና ሄዱ። ጋሽ መንሱር ለሽማግሌዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ልጅቷ ትጠየቅ አሉ። ኢስራም እሱ ራሱ ይንገረኝ ብላ በሩ ክፍት ወደ ሆነው ጓዳ አስጠራችው።

ታሂር ገብቶ ቆመ። መስሚያው ጆሮዋ ላይ አለ። ዓይኗ ግን እንደድሮው ከንፈሩ ላይ ነበር።

«አይሠራም እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«ይሠራል። አንተን ግን በጆሮ ብቻ አላምንህም።»

ታሂር ራሱን ነቀነቀ። እውነቷን ነበር። አንገቱን ሳይደፋ የመጣበትን ነገር ነገራት።