የአጵሎስ አያቶች

ጥፋቱ የእኔ ነው። አጵሎስ እንዲህ ስል አይወድም፤ ነገር ግን ለአባቴ አያቶችህን ቁጠርለት ያልኩት እኔ ነኝ።

የተገናኘነው አሥራ አንደኛ ክፍልን እንደጨረስን ነው። በዚያ ክረምት ሆሳዕና ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለስድስት ሳምንት እንድንማር ከየወረዳው በውጤታችን ተመርጠን፣ መኝታውም ምግቡም በነፃ ሆኖልን ገባን። እኔ ከፎንቆ፣ እሱ ከሺንሺቾ። ማይክሮስኮፕ እስከዚያ ድረስ የማውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ነበር። እዚያ ለሁለት ተማሪ አንድ ሲሰጥ የእኔ ተጋሪ አጵሎስ ሆነ።

የመጀመሪያ ቀን የሽንኩርት ልጣጭ እንድናይ ታዘዝን። አጵሎስ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ምን እንደታየው ስጠይቀው በሙሉ እምነት «ሽፋሽፍቴ» አለ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝና መምህሩ ሁለታችንንም አስወጣን። ውጭ ዝናብ ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ቆመን፣ አንዱ ሲያይ ሌላው ፊቱን እያዞረ ሰዓቱ አለቀ።

የእሱ የቤት ቋንቋ ከምባትኛ፣ የእኔ ሀድይኛ ስለሆነ የምናወራው በአማርኛ ነበር። ይህም ጠቀመኝ። በሀድይኛ ቢሆን እናቴ የምትሰማኝ እየመሰለኝ አንድ ቃል አይወጣኝም ነበር። በአማርኛ ግን ደፈርኩ። በአራተኛው ሳምንት ከቤተ መጻሕፍት ስንመለስ እንደምወደው ቀድሜ ነገርኩት። ጃንጥላውን አጥፎ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። ለምን እንዳጠፈው እስከ ዛሬ አያውቅም።

አንድ ዩኒቨርሲቲ ለመሙላት ተስማማን። ስንመረቅ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገባልኝ።

እኛ ዘንድ አንዲት ልጅ ልቧን ከመስጠቷ በፊት የወንዱን ጎሳ መጠየቅ አለባት። የአንድ ጎሳ ልጆች መቶ ዓመት ተለያይተው ቢኖሩም እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። እኔ አልጠየቅኩም። ልጁ ከምባታ ነው፣ ቋንቋው ሌላ፣ አገሩ ሺንሺቾ፤ ምን ሊያገናኘን ይችላል ብዬ ነው።

እኔን ያስፈራኝ አባቴ ነበር። አባቴ ጴጥሮስ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነው። ወጣት ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው አያቶቹን ነው። ቆጥሮ የጨረሰ ይወደዳል፣ ሁለተኛው ላይ የተደናቀፈ ደግሞ «የዛሬ ልጆች» ተብሎ ይታለፋል። በመዝጊያው ቀን ሊወስደኝ ስለሚመጣ፣ አጵሎስ ከወዲሁ እንዲወደድልኝ ፈለግኩ።

አጵሎስ አባቱ ጋ ደውሎ ስሞቹን በወረቀት ጻፈ። ሦስት ቀን አስጠናሁት። ወረቀቱን እኔ ይዤ እሱ ወዲያ ወዲህ እያለ ይቆጥራል፣ ሲያዘበራርቅ አርመዋለሁ። የራሴን ግን ከአያቴ ወዲያ አላውቅም። በቤታችን ቆጠራው ለወንድሞቼ ነበር፤ እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ቀኑ ደረሰ። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ። አጵሎስ በሁለት እጁ ጨበጠውና የማን ልጅ እንደሆነ ሲጠየቅ መቁጠር ጀመረ።

«አጵሎስ ኤልያስ፣ ኤልያስ ሄራሞ፣ ሄራሞ ሀንዲሶ፣ ሀንዲሶ ላምቤቦ...»

አንድም አልሳተም። እኔ ከአባቴ ኋላ ቆሜ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር። አባቴ እጁን አነሳ።

«ላምቤቦ ሎምባሞ» አለ እሱ ራሱ። «ሎምባሞ ኤርጡሞ። ተሳሳትኩ?»

አልተሳሳተም። ወረቀቱ ላይ ያለው እንደዚያው ነበር።

ሀንዲሶ የአባቴ አያት ታናሽ ወንድም ነው። በድርቅ ዘመን ከብቶቹን ነድቶ ወደ ከምባታ ተሻገረ፤ ሞተ ተብሎ ተለቅሶለት ነበር። አባቴ ይህን እየተናገረ እንባው ይወርዳል። አጵሎስን አቅፎ አልለቅ አለ።

«ጣቢታ፣ ነይ» አለኝ። «ወንድምሽን ሳሚው።»

ጉንጩን ሦስት ጊዜ ሳምኩት። ከዚያ በፊት ስሜው አላውቅም።

የዚያኑ ቀን አባቴ ፎንቆ ይዞት ሄደ። በግ ታረደ፣ ዘመድ ተጠራ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው የምስጋና ጸሎት አደረጉ። ቤቱ ሁሉ በደስታ ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ከጓሮ፣ እንሰቱ ዘንድ አገኘሁትና ምን እናድርግ አልኩት።

«አባትሽ ሲያቅፈኝ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ። «እንዴት ብዬ ነው ወንድሟ አይደለሁም የምለው?»

የምንጣላው ሰው እንኳ አልነበረም። አባቴ ቢከለክለን እለምነው ነበር፤ አባቴ ግን ደስ ብሎታል።

ሲሸኘው ያለን ደግሞ የባሰ ሆነ። በአንድ እጁ የእኔን ትከሻ፣ በሌላው የእሱን ያዘ።

«ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ አንድ ላይ ሙሉ። ወንዶች እንዳያታልሏት አንተ ጠብቅልኝ፣ አደራ።»

አጵሎስ አንገቱን ደፋ። «እሺ፣ አባባ።»

ሁለታችንም የሞላነው ደረሰን። አሁን ሁለተኛ ዓመት ነን። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ሲያመኝ ክሊኒክ ይወስደኛል፣ ጓደኞቼም እንዲህ ያለ ወንድም ስላለኝ ይቀኑብኛል። ሌላ ቦታ ብሞላ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ጨርሶ ከማጣው ይህንንም መረጥኩ።

ባለፈው ወር ሚክያስ የሚባል የክፍላችን ልጅ ሻይ ጋበዘኝ። አጵሎስ ሰማ። ከሳምንት በኋላ ካፌ መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠ። የሚክያስ አገር ሞርሲቶ ድረስ ደውሎ ልጁን አጣርቷል። አደራ ነዋ።

ዓይኔን ሳያይ፣ ብርጭቆዬን ወደ እኔ ጠጋ አደረገልኝ።

«ጎሳው ሌላ ነው» አለ። «ምንም አይከለክላችሁም።»