ሶብር ከነእሬቱ

መዝገበ ቃላቱ በሚዘጋጅበት ቢሮ ውስጥ ስሟን የሚጠራት የለም፤ ቶሎ ስለምትናደድ ሁሉም «ክብሪት» ይላታል። «ጋሼ» የሚባሉት ዋና አዘጋጅ «ሶብር» የሚለውን የዐረብኛ ቃል ከነሥሩ እንድትሠራ የሰጧት ቀን ቢሮው በሳቅ አውካካ። ሶብር ማለት ትዕግሥት ነዋ!

እሷ ግን ሠራችው። ሶበረ፣ ታገሠ። ሷቢር፣ ታጋሽ። ሶቡር፣ ትዕግሥቱ የማያልቅ። ከዚያው ሥር «አስሮ ማቆየት» የሚል ፍቺ አገኘች፤ መራራው እሬትም በዐረብኛ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ያን ቀን ደስታዋን መጀመሪያ የነገረችው ለአራሚው ነበር፤ ልታገባው ቃል ለገባችለት ሰው።

ዛሬ ጠዋት የታረመው ገጽ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። እሬት የለም። ማሰርም የለም። ትዕግሥት ብቻውን ቀርቷል። በዚያ ቢሮ ደግሞ ሥሩን የሠራውን ሰው ሳያስፈቅዱ አንዲት ፍቺ አትነካም።

«ማነው የቆረጠው?»

አራሚው አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ። ጋሼ ‹በጣም ረዝሟል፣ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ› ሲሉ ሰማሁ። እንዳይወስዱብሽ ብዬ ነው።»

«ታዲያ አፍ የለህም? ለምን አልነገርከኝም?»

«ትቆጫለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እሰይ! አሁን ታዲያ እየሳቅኩ ነው?»

«የኔ ቆንጆ፣ ትንሽ ብትታገሺ...»

«ትዕግሥትን ለኔ ልታስተምረኝ? ካልመረረህ ምኑን ታገሥክ? አንተ የቆረጥከው እኮ ምሬቱን ነው! ገና ሳታገባኝ በሥራዬ ላይ ብቻህን ወሰንክ፤ ነገ በቤቴስ? በልጆቼስ? እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ!»

አራሚው ገጹን አንስቶ ወደ ዋና አዘጋጁ ክፍል ገባ፤ በሩን እንኳ አልዘጋም።

«ጋሼ፣ ሳላስፈቅድ ቆርጬባታለሁ። ይመለስላት። ቦታ ካነሰ እኔ የጻፍኩት መግቢያ ይውጣ።»

«ስምህ ያለበት መግቢያ? አብደሃል እንዴ! ይሁን፣ ይመለስላት፤ መግቢያህም ይወጣል። አንተ ግን ከእንግዲህ እርማት የሚባል አትነካም፣ ሰማህ?»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ተመልሶ አጠገቧ ቆመ።

«ተመልሷል» አላት።

«ገና አልበረደልኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ አይበርድልኝም። ነገም እንጃ።»

«እጠብቃለሁ።»

በጣም ትወደዋለች፤ በጣም አናዷታል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

«ሠርጉ እንዳለ ነው» አለችው፣ ፊቷን ሳታዞርለት። «እየተናደድኩም ቢሆን አገባሃለሁ።»