ከማሽላው ውስጥ የተሰማው ቃል

የአብዱሰመድ ሬሳ የተገኘው ከዋጃ ወጣ ብሎ፣ መስኖ ቦይ ውስጥ ነው። ፊቱ ጭቃው ላይ ተደፍቷል። ማጅራቱን በአካፋ ተመትቷል።

ሲገደል ሚስቱ መይሙናና እህቱ ሀስና ከማሽላው ማዶ ሣር ያጭዱ ነበር። ጩኸቱን ሰሙ። ማሽላው ከቁመት በላይ ነውና ገዳዩን አላዩትም።

«ወላሂ፣ ‹ፈሪድ› ብሎ ጮኸ» አለች መይሙና። ድምፅዋ አልተናወጠም።

ፈሪድ ጎረቤታቸው ነው። ከብቶቹ የሟቹን ማሽላ በልተውበት ሁለቱ ተጣልተው ነበር። በዚያው ቀን ታሰረ።

ሀስና ግን፣ «‹አላህ ይፍረድ› ነው ያለው» አለች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፖሊሶቹ ናቋት። «ደንግጣ ምን ትሰማለች?»

ከቆቦ የመጣችው ኢንስፔክተር ትርንጎ ግን ሁለቱን ሴቶች ወደ ማሳው መለሰቻቸው። ባልደረባዋን ናትናኤልን ማሽላው ውስጥ ደበቀችው። መጀመሪያ እንዲሁ ተጣራ። ሁለቱም ያለውን ሳይሳሳቱ ደገሙ።

ከዚያ የሁለቱንም የእጅ አንጓ ያዘች። ሳይታሰብ፣ በእሷ ትእዛዝ የተተኮሰ ጥይት ጮኸ። ናትናኤል ወዲያው ተጣራ።

«ምን አለ?»

የመይሙና ፊት አልተለወጠም። የደም ሥሯ ግን በትርንጎ ጣት ሥር ይጋልባል። «ፈሪድ... ፈሪድ ነው ያለው።»

«ሀስና?»

«‹በሬውን ፍታው› አለ።» ጥርሷ ይንገጫገጫል።

ሀስና ልክ ነበረች። ደጋግመው ሞከሩት፤ ያው ሆነ።

«መይሙና አልዋሸችም» አለች ትርንጎ ለናትናኤል። «ልቧ ሲመታ ጆሮዋ ይደፈናል። የሀስና ደግሞ ስትደነግጥ ይከፈታል። ሰው ሁሉ አንድ አይደለም።»

ሀስናን ለብቻዋ ወሰደቻት።

«እህቴ፣ ከ‹አላህ ይፍረድ› በፊት ምን አለ?»

ሀስና ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ሰምተሻል። ንጹሕ ሰው ታስሯል።»

«‹የእናቴ ልጅ›...» እንባዋ ቀደማት። «‹የእናቴ ልጅ፣ አላህ ይፍረድ› አለ።»

«ሌላ ወንድም አላችሁ?»

«ዒምራን ብቻ።»

ዒምራን የወንድሙን ሬሳ ያጠበ ሰው ነው። አካፋው ከእሱ ቤት ጓሮ፣ ከገለባ ክምር ሥር ተገኘ፤ እጀታው ላይ ደም ደርቋል። ዒምራን አካፋውን ሲያይ ተቀመጠ።

«የውሃው ተራ የእኔ ነበር» አለ። «ወደ ራሱ አዞረው። ሽንኩርቴ ዓይኔ እያየ ደረቀ። ለምኜው ነበር። ሲስቅብኝ... መታሁት።»

ፈሪድ ተለቀቀ።

ሀስና ቤት ስትደርስ እናቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች።

«ፈሪድን ምን ፈረዱበት?»

«ለቀቁት፣ እማ።»

«ታዲያ ልጄን ማን ገደለው?»

ሀስና እግሯ ሥር ተንበረከከች።