ሳይቋረጥ ያለፈው ዜማ

ገብረመድህን ማክሰኞ ዕለት፣ ናይሮቢ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ካለው ቤቱ ጓሮ በሸክላ መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ በገዛ ምድጃው ብረት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። አቶ ይገዙ ረቡዕ ጠዋት ተጠሩ። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት በወንጀል መርማሪነት አገልግለው ናይሮቢ ልጃቸው ዘንድ ለማረፍ ቢመጡም፣ ፖሊስ የአማርኛ አስተርጓሚ በፈለገ ቁጥር የሚጠራው እሳቸውን ነው። ከማታቱው፣ ከከተማው ሚኒባስ፣ ሲወርዱ ጉልበታቸው ቆረጠማቸው። «እኔ ጡረታ ብወጣ ሬሳው አልወጣ» እያሉ ገቡ።

«ምዜ፣ አባቴ፣ ነገሩ አልቋል» አሏቸው ኢንስፔክተር ሙቱዋ። «ተከራዩን ይዘነዋል።»

የሟቹ ተከራይ ከሊድ ዘጠኝ ዓመት በስደተኛ ወረቀት የኖረ ሰው ነው። ሐሙስ ማታ ከልጁ ከዛራ ጋር በስደተኞች መልሶ ማስፈሪያ ወደ ካናዳ ይበራል። ያ አውሮፕላን ካመለጠው ግን ተራው ለሌላ ይተላለፋል።

ጎረቤቲቱ እትዬ ኩለሱም ሟቹ ዘወትር የሚነፋውን መዝሙር ማክሰኞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በኦካሪና፣ በሸክላ ዋሽንት፣ ሲነፋ ሰምተዋል። ከሊድ ከሥራ የገባው አሥራ አንድ ከሩብ ላይ ሲሆን፣ ሬሳ አገኘሁ ብሎ የጮኸው አሥራ ሁለት ላይ ነው። እንደ ሟቹ ኦካሪና የሚሠራው ባልደረባው ዘርይሁን በበኩሉ አሥር ሰዓት ላይ ሸክላ አድርሶ መውጣቱን ይናገራል። ከአሥራ አንድ ከአሥር ጀምሮም ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ ከመዘምራን ጋር ነበር፤ ስምንት ሰው ይመሰክርለታል።

አቶ ይገዙ ሬሳውን አዩ። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ከሥሯ የለችም፤ ቁስሉ የድሮ ነው። ከዚያ ዘርይሁንን ጠሩት።

«የሁለታችሁ ኦካሪና ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ሁለቱም ባለ ሁለት ክፍል ናቸው፣ ጋሽ ይገዙ። በእሱ ሥራ ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው የመጀመሪያው ካበቃበት ነው። ሲሻገሩ ከንፈር ይነሳል፣ ዜማው ይቆረጣል። የእኔ ሁለተኛ ክፍል ግን የመጀመሪያውን የመጨረሻ ሦስት ድምፆች ይደግማል። ስለዚህ ስንኙን መሃል ላይ ሳይሻገሩ ይጨርሱታል።»

«ታዲያ እሱ ለምን እንደዚያ አልሠራም?»

«የእኔ ለግራ ትንሿ ጣት ሁለት ቀዳዳ አለው። እሱ ደግሞ...» ዘርይሁን ትከሻውን ነቀነቀ። «ጀርመን ያለው አከፋፋይ ሁለቱን አወዳድሮ የእሱን መረጠ። ለጀማሪ ይቀላል አለ።» ይህን ሲናገር ድምፁ ሻከረ።

እትዬ ኩለሱም አጥር ላይ ተደግፈው ያወሩ ነበር። «ነፍሱን ይማርና፣ የማክሰኞውስ አምሮለት ነበር። ሁልጊዜ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቆረጥ ስለሚያደርገው እኔው ትንፋሼን እይዝለት ነበር። ያን ቀን ግን እንደ ውኃ ፈሰሰ።»

አቶ ይገዙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማን እንደገደለው ገባቸው፤ ደስ ግን አላላቸውም።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሁሉም መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ከሊድም በካቴና መጣ። አቶ ይገዙ እትዬ ኩለሱምን ከአጥሩ ማዶ አቆሙና ዘርይሁን መዝሙሩን በሁለቱም ኦካሪና እንዲነፋ ጠየቁት። አንዱን ከሌላው አስከትሎ ነፋ።

«ሁለተኛው ነው» አሉ ሴትዮዋ ከማዶ። «የማክሰኞው እሱ ነው።»

ሁለተኛው የዘርይሁን ሥራ ነበር።

«እንግዲህ አስቡት» አሉ አቶ ይገዙ፣ በርጩማ ላይ እየተቀመጡ። «በዚህኛው ለመንፋት አሥሩም ጣት ያስፈልጋል። ገብረመድህን ዘጠኝ ጣት ነበረው። ከሊድ ፉጨት እንኳ አይችልም። ስለዚህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የነፋው ገብረመድህን አልነበረም፤ እሱ ቀድሞ ሞቷል። የነፋው፣ ሟቹ በሕይወት አለ እንዲባል የፈለገ ሰው ነው። ከዚህ ሁርሊንግሃም በአሥር ደቂቃ ይደረሳል። ዘርይሁን፣ አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። የእሱ ኦካሪና እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በእሱ ብትነፋ ማንም አያውቅብህም ነበር።»

ዘርይሁን የሟቹን ኦካሪና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አንስቼው ነበር» አለ። «ያ መሻገሪያ ስህተት መሆኑን ስንት ዓመት ነገርኩት። ሰውየውን ገድዬ፣ ዜማውን መስበር አቃተኝ።»

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ። ከሊድ ግን ከቦታው አልተነሳም።

«ተነሣ እንጂ፣ ልጅህ ትጠብቅሃለች» አሉት አቶ ይገዙ።

«አየር ማረፊያ ሊያደርሰን ቃል የገባው እኮ ገብረመድህን ነበር፣ ጋሼ» አለና አለቀሰ።

አቶ ይገዙ ከበርጩማው ተነሡ። ደክሟቸዋል፤ መኪናም የላቸውም። አጠገቡ ተቀመጡና፣ «በታክሲ እኔ አደርሳችኋለሁ» አሉት።